ቁጥሩን ሸፍነው ፊታቸውን የረሱት እትዬ አፀደ

ማይኩ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁስ? ጋሽ ተድላ እጃቸውን አወጡ። እሳቸው ከሰሙ ሁሉም ሰምቷል ማለት ነው።

እንደምን ዋላችሁ። ለማታውቁኝ የሺዋስ እባላለሁ፤ እዚሁ ኖርዝኢስት ያለው የክብደት መቀነሻ ክሊኒካችን ዳይቲሺያን፣ የአመጋገብ ባለሙያ፣ ነኝ። ለምታውቁኝ ደግሞ፣ አዎ፣ ያ ዳቦ የሚከለክለው ሰውዬ ነኝ። ዛሬ ማንንም አልከለክልም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አይቻለሁ፣ እየቆጠርኩም አይደለም።

የእትዬ አፀደ የጡረታ ሽኝት፣ የእንግሊዝኛው፣ ሐሙስ ዕለት ቢሮ ውስጥ አልፏል። ኬክ ተቆረጠ፣ ማናጀራችን ካርድ ሰጡ፣ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ ከዚያ ሁላችንም ወደ ሥራችን ተመለስን። ይሄኛው ግን የእናንተ ነው። የአማርኛው ግሩፕ ታካሚዎች "ሜይላንድ ሃይትስ አዳራሽ ይዘናል፣ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት፣ ንግግር የምታደርገው አንተ ነህ" ብላችሁ ደወላችሁልኝ። ፈቃደኛ መሆኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳውቃችሁ። እጄ ላይ አራት ወረቀት አለ። ሦስቱ ቀልድ ነው። አራተኛው ላይ እትዬ አፀደ ላይ ያደረግኩት፣ እሳቸው እኔ መሆኔን የማያውቁት ነገር ተጽፏል። ሦስት ዓመት ይዤው ዞርኩ። ሰኞ ስመጣ ክፍላቸው ባዶ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ መናገር አለብኝ። እትዬ፣ እንዲህ አይዩኝ። መጀመሪያ ቀልዱን ልጨርስ።

እትዬ አፀደ ክሊኒኩ የመጡበት ቀን። እኔ ያኔ አልነበርኩም፣ ግን ታሪኩን ከሦስት ሰው ሰምቼ አመሳክሬዋለሁ። ፌብሩዋሪ 2008 ነው፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ምናምን። እትዬ አፀደ ክሊኒካል አሲስታንት፣ የሕክምና ረዳት፣ ሆነው ተቀጥረው፣ ቡትስ አድርገው፣ ሁለት ጃኬት ደርበው ገቡ። ሪሴፕሽን ላይ የነበረችው ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና ፈገግ ብላ አራት ገጽ የታካሚ ፎርም ሰጠቻቸው። እትዬ አፀደ ምን አደረጉ? ሞሉት! ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው አለ? አለ። በቀን ስንት ጊዜ ይመገባሉ? እንደ ሁኔታው። ያኔ ሚዛኑ ኮሪደር ላይ ነበር፤ ሰው በሚያልፍበት አቆሟቸውና ነርሷ ቁጥሩን ለጓደኛዋ ጮክ ብላ ነገረቻት። ከዚያ የክንድ መደገፊያው ከሁለት በኩል የሚቆነጥጥ ወንበር ላይ አስቀምጠው ግፊታቸውን ለኩ። በመጨረሻ ዶክተሩ ገብቶ "ምን ልርዳዎት?" ሲላቸው ነው "ሥራ ልጀምር ነበር የመጣሁት" ያሉት።

"ለምን ቀድመው አልተናገሩም?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ሰዎቹ በትህትና ነው የጠየቁኝ፤ እንዴት ላቋርጣቸው?"

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ሲስተሙ በታካሚነት መዝግቧቸዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ "ውድ አፀደ፣ ክትትልዎን አቋርጠዋል፣ እባክዎ ይደውሉልን" የሚል ደብዳቤ ቤታቸው ይደርሳል። ደብዳቤውን አጥፎ ኤንቨሎፕ ውስጥ የሚከተው ማነው? ራሳቸው! በዘጠነኛው ዓመት ነው ናሆሚ ከሪሴፕሽን አይታ "እትዬ፣ ይሄ እርስዎ አይደሉም እንዴ?" ያለቻቸው። "ነኝ" አሉ። "ታዲያ ለምን ላኩት?" "ስሜ ሊስቱ ላይ አለዋ!"

እኔ ግን አንዳንዴ እንደዚያ በመጀመራቸው ደስ ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት ሚዛኑ በር ያለው ክፍል ይግባ ብለው ጠየቁ። የክንድ መደገፊያ የሌለው ወንበር ይምጣ አሉ። ሚዛኑ በማግስቱ ገባ፤ ወንበሩ ስምንት ወር ፈጀ። በየሰኞው የማናጀሩ በር ላይ ቆመው "ወንበሬስ?" ይሉ ነበር አሉ። ያኔ የነበረው ማናጀር በመጨረሻ በኋላ በር መግባት ጀመረ ይባላል። እሱን እንኳን አላመሳከርኩም።

እኔ የመጣሁት 2014 ነው። ዲግሪዬ ገና ትኩስ ነው። የፕላስቲክ ምግብ የሞላበት ሻንጣ ይዤ ነበር፤ የፕላስቲክ ዶሮ፣ የፕላስቲክ ብሮኮሊ፣ ግማሽ ኩባያ የፕላስቲክ ሩዝ። የአማርኛው ግሩፕ ፊት ደርድሬ "ከዚህ ውስጥ ትናንት ማታ የበላችሁትን አንሱ" አልኩ። ማንም አላነሳም። አንድ አባት ብቻ፣ እንዳላፍር መሰለኝ፣ ብሮኮሊውን አንስተው ወደ ላይ አሳዩኝ። "ጋሼ፣ ብሮኮሊ በልተዋል?" "አልበላሁም፤ ግን ጥሩ ይመስላል።"

እትዬ አፀደ ከጥግ ሆነው አዩኝ። በሳምንቱ ምንጣፍ ሥር ከሚነጠፈው ስፖንጅ እንጀራ ቆርጠው መጡ። ክብ፣ ግራጫ፣ ዓይን ዓይን ያለው። ሩቡ በማርከር ተሠምሯል፣ ግማሹ ተሠምሯል። ቢሮዬ ገብተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

"የሺዋስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።"

"ይጠይቁኝ።"

"አራት ሰው ከአንድ ትሪ ከበላ፣ አንዱ ስንት እንደበላ በምን ታውቃለህ?"

"በግምት።"

"ጉርሻውንስ የት ትጽፈዋለህ?"

ፎርሙን አየሁ። ፎርሙ ላይ የቁርስ ቦታ አለ፣ የምሳ አለ፣ የእራት አለ፣ የስናክ አለ። "ሌላ የሚለው ጋ" አልኳቸው። እስከ ዛሬ እዚያ ነው የምጽፈው። የአንዳንዶቻችሁ "ሌላ" ከእራታችሁ ይበልጣል፤ ስም አልጠራም።

ሁለተኛው ወረቀት። ስልክ። ሕጋችንን ታውቁታላችሁ። ሦስት ቀጠሮ ሚስ ያደረገ ሰው ፋይሉ ይዘጋል፣ ተመልሶ ዌይቲንግ ሊስቱ ጫፍ ላይ ይሰለፋል። ሊስቱ ደግሞ አንድ ዓመት አልፎ ነበር። እትዬ አፀደ በራሳቸው ብሬክ፣ በዕረፍት ሰዓታቸው፣ ከቀጠሮ የቀረውን ሁሉ ይደውሉለታል። ችግሩ ብዙዎቻችሁ ለቤተሰብ አልነገራችሁም። ስለዚህ መልእክት ሲተዉ ክሊኒክ የሚባል ቃል አይወጣቸውም። "አፀደ ነኝ። ስለዚያ ነገር ነው። ማክሰኞ አትቅሩ።" ይኼው ነው። ይሄን መልእክት የሰማ ባል ወይም ሚስት ምን እንደሚያስብ ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ጋሽ ተድላ ከኤርድሪ፣ ከከተማ ውጭ፣ ነው የሚመጡት። ለባለቤታቸው "መኪናዬን ኦይል ላስቀይር" ብለው ነው የሚወጡት። በየሁለት ሳምንቱ! አምስት ወር! ባለቤታቸው እዚህ አሉ፣ ይመስክሩ። "ይሄ መኪና ዘይቱን ይጠጣዋል እንዴ?" ብለው በመጨረሻ ራሳቸው ጋራዥ ሊወስዱት ተነሱ። ጋሽ ተድላ ያኔ ነው እውነቱን የተናገሩት፤ ባለቤታቸውም "እኔንም አስመዝግበኝ" አሏቸው። ይኸው ዛሬ ሁለቱም ግሩፑ ውስጥ ናቸው፣ መኪናውም ዕረፍት አገኘ።

ሚዛን ላይ ሲወጡም ጋሽ ተድላ ዝግጅት አላቸው። ጃኬት ይወልቃል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ቀበቶ፣ ቁልፍ፣ ስልክ፣ ሰዓት። አንድ ቀን የቀለበት ጣታቸውን እያሻሹ ቆዩና "ይሄ እንኳን እምቢ አለ" አሉ። እትዬ አፀደ "ተድላ፣ ትዳርህን አትንካው፣ ሚዛኑ ላይ ውጣ!" አሏቸው።

ሦስተኛው ወረቀት። እስቲ ስለዚያ መመዘኛ ክፍል ልናገር። እትዬ አፀደ ሚዛኑ ቁጥር የሚያሳይበት መስኮት ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፈውበታል። ታካሚው ቁጥሩን አያይም። እሳቸው ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ከጥጉ ገለጥ ያደርጋሉ፣ ያያሉ፣ ይጽፋሉ። ማወቅ የፈለገ ይጠይቃል። ያልፈለገ "ይበሉ፣ ጫማዎን ያድርጉ" ይባላል። ይሄን ያስተማራቸው ሰው የለም፤ ያ ኮሪደር ነው ያስተማራቸው። አሁን ሌሎቹም ክፍሎች እንዲህ ያደርጋሉ። ሰው ግን ለዓመታት ዶክተር ጋ ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ ሄዶ "ክብደትዎን ይቀንሱ" ሲባል ኖሮ፣ ጆሮዬን ብሎ ሄዶ "ክብደትዎን" ሲባል ኖሮ፣ ከዚያ እኛ ጋ ሲመጣ ቁጥሩን ሳይሆን ስሙን የሚጠራው ሰው ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ ቻርት አንባቢ ነኝ፤ ሰምቼ ነው የማወራው።

እሺ። ሦስተኛው ወረቀት አለቀ።

ይሄን የምናገረው እትዬ ሃዋን አስፈቅጄ ነው። እዚያ ናቸው፣ ሁለተኛው ጠረጴዛ፣ ሰማያዊ ሻሽ ያደረጉት። "ንገረው፤ ብቻ ኪሎዬን እንዳትጠራ" ብለውኛል። አልጠራም።

እትዬ ሃዋ ከሲቲስኬፕ ነው የሚመጡት። ኤርፖርት አካባቢ ያለ ሆቴል ላውንድሪ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ቆመው ሠርተው ሁለቱም ጉልበታቸው አልቋል። ሰርጀኑ "ኦፕራሲዮኑን እሠራልሻለሁ፣ ግን መጀመሪያ ክብደትሽ ይውረድ" ብሎ ቁጥር ነገራቸው። ሪፈራል ተጻፈ፣ ሊስቱን ጠበቁ፣ እኛ ጋ ደረሱ። የሚሰጣቸው አንድ ዓመት ነው፤ በዚያ ውስጥ ቁጥሩ ካልወረደ ኦፕራሲዮን የለም። ነገሩ ይህን ያህል ነበር። ደረጃ መውጣት አይችሉም፤ ሶላት የሚሰግዱት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ነው።

እትዬ ሃዋም ወረዱ! በየቀጠሮው ወረዱ። ስፕሬድሺቴ፣ ቁጥራችሁን የምመዘግብበት ሰንጠረዥ፣ ላይ የእሳቸው መስመር እንደ እሳቸው ጀርባ ቀጥ ያለ ነበር። ቲም ሚቲንግ ላይ ስክሪን ላይ አውጥቼ አሳየሁት። "እዩ፣ የአማርኛው ግሩፕ ከሁሉም ግሩፕ ይበልጣል" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ማናጀራችን በስምንተኛው ወር "ግቧ ጋ እየደረሰች ነው፣ ቀድመን እናስመርቃትና ቦታውን ለሌላ ሰው እንስጥ" አሉ። እኔም ተስማማሁ።

አሁን የምነግራችሁን ያኔ አላውቅም ነበር። ግን በተራው ልናገረው።

ኦክቶበር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እትዬ ሃዋ ከሚዛኑ ሲወርዱ እግራቸው ከዳቸውና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ አፀደ ጁስ አምጥተው አጠጧቸው። ስኳራቸውን ለኩት፤ በጣም ወርዷል።

"ሃዋ፣ መቼ ነው የበላሽው?"

"እሁድ ጠዋት።"

"እሁድ? ዛሬ ማክሰኞ ነው! ጾም ነው እንዴ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"አንቺን እንዳላሳፍርሽ ነዋ! እስከ ዛሬ አንድ ቀን ኪሎ ጨምሬ መጥቼ አሳፍሬሽ አውቃለሁ?"

ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ምግብ አይቀምሱም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ውሃም ያቆማሉ። ማክሰኞ ይመዘናሉ። ከክሊኒኩ ወጥተው ባስ ስቶፑ ላይ ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው ይበላሉ። የስኳር በሽተኛ ናቸው፣ ኪኒናውንም እየዋጡ ነው። ስምንት ወር ሙሉ።

እትዬ አፀደ ሌሎቻችሁንም አንድ በአንድ ጠየቁ። ጋሽ ተድላ "እኔማ ሰኞ ምግብ የሚባል ነገር ረስቻለሁ" አሏቸው። ከአሥራ አራታችሁ አሥራ አንዳችሁ! ይሄን በሌሎቹ ግሩፖች ጠይቄያለሁ፤ ጠዋት ሳይበላ የሚመጣ ሞልቷል፣ ሁለት ቀን ተርቦ የሚመጣ ግን አላገኘሁም። እዚያ ሰው የሚያፍረው ለራሱ ነው። እናንተ ለመዛኟ ነው ያፈራችሁት። አንዳችሁ እትዬ አፀደን ምን አላችኋቸው? "መንግሥት በነጻ ያክመኛል፣ አንቺ በብሬክሽ ትደውይልኛለሽ፣ እኔ ደግሞ ጨምሬ ልምጣ?" እኛ ነጻ መሆኑ እንደሚያስደስታችሁ እንጂ እንደሚያስፈራችሁ አልገባንም ነበር።

ግን ቁጥሩ ተሸፍኖ የለም እንዴ? በምን አወቃችሁ? እትዬ አፀደ ይሄን ሲያስቡ ነው እንቅልፍ ያጡት። ቁጥሩን ሸፈኑት፣ ፊታቸውን ግን ረሱት። ወረቀቱን ገልጠው ሲያዩ፣ ከወረደ ዓይናቸው ይስቃል፤ ከጨመረ "ምንም አይደለም" ይላሉ፣ ከንፈራቸው ግን ይከደናል። እናንተ ሚዛኑን አትመለከቱም ነበር፣ እሳቸውን ነበር የምትመለከቱት። እሳቸው መደበቅ አይችሉም፤ ፊታቸው ያሳብቅባቸዋል።

ስለዚህ መመዘን አቆሙ። በቃ። እናንተን ክፍሉ ውስጥ አስገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ቁጭ ብለው "ዛሬ በልተሽ ነው የመጣሽው?" ብቻ ይጠይቃሉ። ያልበላ ካለ ያበሉታል። ፎርሙ ላይ የክብደቱን ቦታ ባዶ ይተዉታል። እትዬ ሃዋ ደግሞ "ቁጥሬ ውሸት ነው ካሉ ሰርጀኑ ይሰርዘኛል፣ ለማንም እንዳትናገሪ" ብለው አስምለዋቸዋል። እሳቸውም ማሉ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምገባው።

በስድስተኛው ሳምንት ስፕሬድሺቴን ከፈትኩ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ከእኔ ክፍል እስከ እትዬ አፀደ ክፍል አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ በኋላ ቆጥሬዋለሁ። ተነስቼ "እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ማለት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ለማናጀራችን ኢሜይል ጻፍኩ። በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "በአማርኛው ግሩፕ ለስድስት ሳምንት ክብደት አልተመዘገበም። የሚመዝኑት አፀደ ናቸው። ሪፖርታችንን ስለሚጎዳ እባክዎ ይከታተሉልኝ።"

እትዬ አፀደ። ኢሜይሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አይ፣ አሁን ምንም አይበሉ። ልጨርሰው። አሁን ቀና ብዬ ፊትዎን ማየት ስላቃተኝ ከወረቀቴ ላይ ነው የማነበው።

ተጠሩ። የዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ተወካይ አጠገባቸው ተቀምጦ "ለምን አልመዘኑም?" ተባሉ። እትዬ አፀደ፣ የአሥራ አራት ሰው የልደት ቀን በቃላቸው የሚያውቁት ሴት፣ ምን መለሱ? "ረሳሁ።" የእትዬ ሃዋን ስም ላለማንሳት፣ ረሳሁ! የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ለሦስት ወር ከመመዘኛው ክፍል አንስተው ስቶር ሩም ጓንትና ፋሻ እንዲደረድሩ አደረጓቸው። ቁጥሩ ትክክል ነው ብዬ ያስጨበጨብኩት እኔ ቢሮዬ ቀረሁ።

በእነዚያ ሦስት ወራት በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ከስቶር ሩም ወጥተው በሬን ከፈት ያደርጉና "የሺዋስ፣ በላህ?" ይሉኝ ነበር። "በልቻለሁ" እላለሁ። አልበላሁም። አንድ ቀንም አልበላሁም።

ከግሩፑ ሦስት ሰው መምጣት አቆመ። እትዬ ሃዋ ግን አንድ ጠዋት ቀጠሮ ሳይኖራቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቢሮዬ ገቡ። ወንበር ስሰጣቸው አልቀመጥም አሉ። "ልጄ፣ ያ ሁሉ ቁጥር ውሸት ነው። አፀደ አልረሳችም። እኔ ነኝ አደራ ያልኳት። ጉልበቴ ከእሷ አይበልጥብኝም፣ ይሰርዙኝ።" ቆመው ነው የተናገሩት፤ በዚያ ጉልበት።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን አልዘረዝርም፣ መሥራት ያለብኝ ነበር። ማናጀራችን ጋ ሄድኩ፣ ሪፖርቱ እንደገና ተሠራ፣ ያቺ ቆንጆ መስመሬ ተሰረዘች። የእትዬ ሃዋ ምረቃ ቀረ፣ ዓመታቸው እንደገና ተቆጠረ። ለሰርጀኑ እውነተኛው ቁጥር ከነምክንያቱ ተጻፈለት። አልሰረዛቸውም። ያን ያህል የፈሩት ስረዛ የሚባል ነገር አልነበረም፤ "እየበላች ትምጣ፣ እጠብቃታለሁ" ነው ያለው። አምና ኖቬምበር ግራ ጉልበታቸው ተሠራ። ቀኙ ገና ነው።

እትዬ አፀደ፣ እርስዎም ወደ ክፍልዎ ተመለሱ። ፎርሙ ላይ ዛሬ የመጀመሪያው ጥያቄ ኪሎ አይደለም፤ "ዛሬ በልተው ነው የመጡት?" የሚል ነው። የሁሉም ግሩፕ ፎርም ላይ አለ። የማን ጥያቄ እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም፤ እኔም እውነቱን ለማናጀራችን ስናገር ኢሜይሉን የጻፈው ማን እንደሆነ ለእርስዎ ሳልነግር አለፍኩት። ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ሰው ሲያመሰግን "ብዙ አስተማሩኝ" ይላል። እኔ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ሳይ አሁን ተነስቼ እሄዳለሁ፤ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ይሄን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ያውም እኔው ባደረስኩብዎት በደል። አመሰግናለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝም እላለሁ፤ ዛሬ ባያደርጉልኝም አልቀየምም፣ ጡረታ ነዎት፣ ጊዜ አለዎት።

አሁን ቀና አልኩ።

...

እሺ። ናሆሚ፣ እባክሽ ለእትዬ ሶፍት አቀብያቸው። ለእኔም አንድ።

ምን አሉ? ጮክ ይበሉ እትዬ፣ ማይኩ አልያዘውም።

"ምሳ በላህ ወይ?" አሉኝ። አልበላሁም፣ እትዬ። ዛሬም አልበላሁም። እንደጨረስኩ እበላለሁ።

ላብቃ። ያለፈው ማክሰኞ የእትዬ አፀደ የመጨረሻ የመመዘኛ ቀን ነበር። እኔ በሬን ከፍቼ ቢሮዬ ተቀምጫለሁ። ዌይቲንግ ሩሙ ሞልቷል፤ የማታውቋቸው ሰዎች፣ የእንግሊዝኛው ግሩፕ፣ የፑንጃቢው ግሩፕ። የመመዘኛው ክፍል በር ተከፈተና እትዬ ሃዋ ወጡ። ኮሪደሩ መሃል ቆሙ፣ ያ ድሮ ሚዛኑ የነበረበት ቦታ አካባቢ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ፊት፣ በሙሉ ድምፃቸው፣

"የሺዋስ! ጨምሬያለሁ!" አሉኝ።

ከዚያ ሳቁ። ያለ ከዘራ ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ለቀጣዩ ወር ቀጠሮ ያዙ።

በሥራዬ ብዙ ቁጥር አይቻለሁ። እኛ ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሰው ይሄን ቃል ሳይፈራ ሲናገር ግን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እዚህ ለመድረስ እትዬ አፀደ አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠይቅም። መነሳት የማትችሉ ቁጭ እንዳላችሁ አንሱ።

እትዬ አፀደ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ጠዋት ተነስተው ፊቴን ማን ያየዋል ሳይሉ ይዋሉ። ጨምሮም ቀንሶም ለሚመጣ ሰው በሩን ስለከፈቱለት፣ ለእርስዎ ጤና!